ከላሚኔት ሉህ ቋሚ የፕሮጀክተር ስክሪን መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፦ ልክና ምርጫ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከአንድ የላሚኔት ሉህ ቋሚ የፕሮጀክተር ስክሪን እየሠራሁ፣ ከሥራው ጎን ለጎን ነው። ላሚኔት የምለው የወጥ ቤት ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚለበስበትን፣ በተለምዶ ፎርማይካ የምንለውን ስስና ጠንካራ ሉህ ነው። አንድ ስክሪን ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ይጠበቁበታል፤ የወደቀበትን ብርሃን ቀለሙን ሳይለውጥ ወደ ሁሉም አቅጣጫ መበተን አለበት፣ እንዲሁም ሳይጎብጥና ሳይሞገድ ጠፍጣፋ ሆኖ መቆየት አለበት። ተወጥሮ የሚሰቀል ጨርቅ በጊዜ ብዛት ሊረግብ ይችላል፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ደግሞ የልስኑን ጉብታና የሮለሩን ዱካ እንደያዘ ይቀራል። ላሚኔት ግን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ተጠፍጥፎ ከፋብሪካ ስለሚወጣ ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። እምብርቱ በፌኖሊክ ሙጫ ተነክሮ የተደራረበ ቡናማ ወረቀት ሲሆን፣ ከላይ የሚታየው ነጭ ገጽ በሜላሚን ሙጫ የተነከረ የቀለም ወረቀት ነው። ይህ ገጽ በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ መሆኑም ለስክሪን ትልቅ ጥቅም አለው።

ሉሁ በብዛት የሚገኘው በ122 በ244 ሴንቲ ሜትር ልክ ነው። ከዚህ የሚረዝሙና የሚሰፉ ሉሆችም ይመረታሉ፤ ነገር ግን በደረጃ ማዞሪያና በበር ማሳለፉ ስለሚያስቸግር በዚህኛው ልክ ረግቻለሁ። እንግዲህ የስክሪኑን ቁመት የሚወስነው የሉሁ ስፋት ነው። ከ122 ሴንቲ ሜትሩ ከላይም ከታችም አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር በጥቁሩ ክፈፍ ሥር ስለሚደበቅ የሚታየው ቁመት 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ16 ለ9 ምጣኔ ሲሰላ ወርዱ 213.3 ሴንቲ ሜትር፣ ሰያፉ ደግሞ 244.7 ሴንቲ ሜትር ወይም 96 ኢንች ገደማ ይመጣል። ከመቀመጫዬ እስከ ግድግዳው 3.3 ሜትር ስለሆነ ምስሉ 36 ዲግሪ ያህል የእይታ ማዕዘን ይሸፍናል። ይኸው ስክሪን ከ4 ሜትር ሲታይ 30 ዲግሪ፣ ከ2.9 ሜትር ሲታይ ደግሞ 40 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ለፊልም ምቹ ተብሎ የሚመከረው መጠን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሚውል መቀመጫውን ማንቀሳቀስ አላስፈለገኝም። የእኔ ፕሮጀክተር ርቀት የምስሉን ወርድ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል መሆን ስላለበት ሌንሱ ከስክሪኑ 3.2 ሜትር ርቆ ጣሪያው ላይ ይቀመጣል።

እሁድ ማታ፦ ናሙናዎቹ በብርሃን ሥር

የላሚኔት ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ መዳፍ የምታክል ናሙና ይሰጣሉ። ያመጣኋቸው ናሙናዎች የሚከተሉት ናቸው፦ ማት (የማያብለጨልጭ) ገጽ ያለው ንጹህ ነጭ፣ በመጠኑ የሚያብለጨልጭ ንጹህ ነጭ፣ የቆዳ ዓይነት ሸካራነት የታተመበት ነጭ እና ማት የሆነ ፈዛዛ ግራጫ። በቀን ብርሃን ሲታዩ ነጮቹን አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል፤ ክፍሉ ጨልሞ ፕሮጀክተሩ ሲበራ ግን ልዩነታቸው ወዲያው ፍንትው ይላል። በዚህ ምክንያት ናሙናን በሱቅ መብራት አይቶ መምረጥ ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ፤ ናሙናው መታየት ያለበት በገዛ ፕሮጀክተሩ ብርሃን፣ በገዛ ክፍሉ ውስጥና ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ ነው።

ለማወዳደሪያ ንጹህ ነጭ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ለዚህ የሚያነሣው የማተሚያ ወረቀት ነው፤ ይሁንና ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚጨመርበት የማድመቂያ ኬሚካል ብርሃኑን ወደ ሰማያዊ ስለሚስበው ፍርዱን ያዛባል። እኔ የተጠቀምኩት የቧንቧ ሠራተኞች በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጥሙትን ነጩን የቴፍሎን ቴፕ ነው። በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ደጋግሞ ተጠምጥሞ የካርቶኑ ቀለም ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ሲደራረብ፣ በሚታየው የብርሃን ክልል ሁሉንም ቀለም እኩል ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚበትን ገጽ ይሆናል። በቤተ ሙከራ ለብርሃን መለኪያነት የሚያገለግሉ ነጭ ሰሌዳዎች የሚሠሩትም ከዚሁ ከቴፍሎን ዘር ነው። ናሙናዎቹን በቴፕ የተጠመጠመው ካርቶን ዙሪያ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሙሉ ነጭ፣ ከዚያም መካከለኛ ግራጫ፣ በመጨረሻም ለጥቁር የቀረበ ግራጫ ምስል አሳረፍኩባቸው፤ የካሜራውን የነጭ ሚዛንና የብርሃን መጠን በእጅ ቆልፌም ከተለያየ ቦታ ፎቶ አነሣኋቸው።

በመጠኑ የሚያብለጨልጨው ነጭ ከሁሉም ደምቆ ታየኝ፤ የድምቀቱ ምክንያት ግን ራሱ ከምርጫ ያስወጣዋል። ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳንቀሳቅስ በናሙናው ላይ ያለው ብሩህ ክብ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ የሌንሱ ነጸብራቅ ነው። በሙሉ ስክሪን ላይ ሲሆን የምስሉ መሃል ደምቆ ዳርና ዳሩ የሚደበዝዝ ይሆናል። ጉዳዩ ከፕሮጀክተሩ ቦታ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ብርሃን በወደቀበት ማዕዘን ልክ ስለሚመለስ፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፕሮጀክተር ነጸብራቁን ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ተመልካቹ ይልካል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግን ነጸብራቁ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ፕሮጀክተሩን ዝቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ትንሽ የሚያብለጨልጭ ገጽ ሊታገሥ ይችላል፤ ለእኔ ክፍል ግን አይሆንም።

የቆዳ ሸካራነት ያለበት ናሙና በሌላ ምክንያት ወደቀ። በ213.3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ 1920 ፒክስል ሲሰለፍ የአንዱ ፒክስል ወርድ 1.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 3840 ፒክስል ሲሰለፍ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የታተመው የቆዳ ቅርጽ ከዚህ ስለሚበልጥ፣ ሰማይን ወይም ጭጋግን በመሰለ ለስላሳ ምስል ላይ ሸካራነቱ እንደ ቆሻሻ ጎልቶ ይታያል። ከአንድ ክንድ ርቀት በጎን መብራት ሲታይ ጥራጥሬው የማይለይ ገጽ መምረጥ ይበጃል።

ግራጫው ብዙ አሳስቦኛል። ግራጫ ስክሪን ጥቁሩን ያጠልቃል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ነጩንም በዚያው መጠን ያጠልቀዋል። ከፕሮጀክተሩ የመጣውን ብርሃንና በመስኮት የገባውን ብርሃን የሚቀንሰው በእኩል ድርሻ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ንጽጽር ብቻውን አያሻሽልም። እውነተኛ ጥቅሙ ከስክሪኑ ተነሥቶ በነጭ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ነጥሮ ወደ ስክሪኑ የሚመለሰውን ብርሃን መቀነሱ ነው፤ ይህ ብርሃን ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ስለሚነካ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ከዚህ ሌላ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ከሚያስፈልገው በላይ በሚሆንበት ጊዜ ጥቁሩን ለዓይን ያጠልቀዋል።

የብርሃኑ ስሌት የሚከተለውን ይመስላል። የስክሪኑ ስፋት 2.56 ካሬ ሜትር ነው። ፕሮጀክተሩ በፊልም ቅንብሩ ላይ ሲሆን 600 ሉመን ያህል እንደሚያወጣ ብወስድ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 234 ሉመን፣ ማለትም 234 ሉክስ ያርፋል፤ ይህም ጌይኑ (ከፍጹም ነጭ ማት ገጽ ጋር ሲነጻጸር ብርሃን የመመለስ አቅሙ) 1.0 በሆነ ማት ገጽ ላይ ለፓይ ሲካፈል 75 ካንዴላ በካሬ ሜትር የገጽ ድምቀት ይሰጣል። ለዲጂታል ሲኒማ የተቀመጠው መስፈርት 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። ጌይኑ 0.7 የሆነ ግራጫ ቢመረጥ ድምቀቱ ወደ 52 ያህል ስለሚወርድ ከመስፈርቱ በታች አይሆንም፤ አምፖሉ እያረጀ ሲሄድ ግን ትርፉ ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ ማቱን ነጭ መርጬ፣ የነጠረውን ብርሃን በስክሪኑ ቀለም ከመዋጋት ይልቅ ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን ጣሪያና የጎን ግድግዳ ጥቁር ግራጫ ማት ቀለም ለመቀባት ወስኛለሁ። ቀለም ቅቡ ቀላል ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ አላስፋፋውም።

ሐሙስ፦ ሉሁ ቤት ገባ

ሉሁን ከወንድሜ ጋር በቁሙ ይዘን አስገባነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሚኔት በካሬ ሜትር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጠቅላላው ከ4 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ የሚያስፈራው ክብደቱ ሳይሆን መወዛወዙ ነው። በአግድም ተይዞ መሃሉ ከረገበ ወይም ጥጉ ከበር ጋር ከተጋጨ የሚላጥ ጠርዝ አለው፤ የተላጠ ጠርዝ ደግሞ ወደ ውስጥ ስንጥቅ ሊሰድድ ይችላል። ጓንት ሳያደርጉ መያዝም አይመከርም፤ ያልተሞረደ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።

ከገባ በኋላ ስክሪኑ በሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ በጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ከሥሩ ካርቶን ተነጥፎለት፣ ቢያንስ 48 ሰዓት እንዲቆይ ተውኩት። ላሚኔት ወረቀት ያዘለ በመሆኑ እርጥበት ሲጨምር ይሰፋል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል። በስፋቱ የሚንቀሳቀሰው በርዝመቱ ከሚንቀሳቀሰው እጥፍ ያህል ነው። ከክፍሉ አየር ጋር ሳይላመድ ተቆርጦ የተገጠመ ሉህ በኋላ መላመዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ግን የሚላመደው በክፈፉ ውስጥ ታስሮ ነው።

ዓርብ ማታ፦ ማስቲሽ ወይስ ነፃ አያያዝ

የዚህ ሥራ ዋና ውሳኔ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። የእንጨት ሥራ የሚያውቅ አንድ ጓደኛዬ ስለ ሐሳቤ ሲሰማ «ኤምዲኤፍ ላይ በማስቲሽ ለጥፈው፤ ጨርሰሃል» አለኝ፤ ኤምዲኤፍ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ለጠረጴዛ ምክሩ ትክክል ነው፤ ጠረጴዛ እግርና ማጠናከሪያ ስላለው ገጹ ቢጎትተው አይንቀሳቀስም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ሰሌዳ ግን ነገሩ ይለያል። ላሚኔቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲለጠፍ፣ አየሩ በደረቀ ቁጥር እየተኮማተረ ኤምዲኤፉን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ሰሌዳው ሲሳብ መሃሉ ወደ ኋላ፣ ዳሮቹ ወደ ፊት ይወጣሉ። ይህን ለማስቀረት ከጀርባውም ተመጣጣኝ ላሚኔት መለጠፍ ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ይመጣል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ በዚህ ስፋት ብቻውን 23 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

መጎበጡ ለምስሉ ምን ያህል እንደሚከፋ ለማወቅ ስሌት ሠርቻለሁ። ሌንሱ 3.2 ሜትር ርቆ ሳለ ስክሪኑ ዳር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢዛነፍ፣ እዚያ ያለው ነጥብ የሚዛወረው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም አንድ ፒክስል ገደማ ነው። ከርቀት ለሚያበራ ፕሮጀክተር ይህ የሚታገሡት ነው። ከስክሪኑ ሥር በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ለሚያበራ በጣም አጭር ርቀት ፕሮጀክተር ግን ብርሃኑ ገጹን እጅግ አዘቅዝቆ ስለሚመታው፣ ያችው 3 ሚሊ ሜትር በላይኛው ጠርዝ ላይ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ መዛወር ታስከትላለች፤ ቀጥታ መስመሮችም ሞገድ ሆነው ይታያሉ። እንደዚህ ያለ ፕሮጀክተር ያለው ሰው በጠፍጣፋነት ላይ የበለጠ መጨነቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ያጸናሁት ሐሳብ ሉሁን በምንም ላይ በማስቲሽ ሳላጣብቅ፣ በቀላል የእንጨት ክፈፍ ላይ አስደግፌ፣ ዳሩን በፊቱ ጥቁር ክፈፍ ጀርባ በሚወጣ እርከን (ደረጃ መሰል ቁርጥ) ውስጥ ነፃ አድርጎ መያዝ ነው። መሃሉ ብቻ በመካከለኛው ቋሚ እንጨት ላይ በጥብቅ ይያዛል፤ ሉሁ ሲሰፋና ሲኮማተር ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳል እንጂ ክፈፉን አይገፋም።

ቅዳሜ፦ ክፈፉ

ለኋላው ክፈፍ 5 በ2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደረቀ ሞራሌ ተጠቀምኩ። ከእያንዳንዱ ሞራሌ ጫፍ ላይ በአንድ ዓይን ወደ ሌላኛው ጫፍ እየተመለከትኩ የተጣመመውን ለይቼ አወጣሁ፤ ቀጥ ያሉት ለረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ተመደቡ። ውጫዊ ልኩ 227 በ134 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱን የዳር ቋሚዎች ጨምሮ ቋሚዎቹ በ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ይሰለፋሉ፤ አንደኛው በትክክል መሃል ላይ ይውላል።

ማዕዘኖቹ ግማሽ በግማሽ ተበልተው እርስ በርስ እንዲነባበሩ ተደርጓል፤ እንዲህ ሲሆን የፊት ገጹ አንድ ወጥ ጠለል ይሆናል፣ ኮላውም ሰፊ መያዣ ያገኛል። ስኳድራ ለእያንዳንዱ ማዕዘን ይበቃል፤ ለትልቅ ክፈፍ ግን ዳኛው ሰያፉ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፎች ለክቼ ሁለቱም 263.6 ሴንቲ ሜትር እስኪሆኑ ድረስ ረጅም የሆነውን ወገን ገፋ ገፋ አድርጌ ካስተካከልኩ በኋላ በቪቲ አሰርኩት። ከዚያም በፊት ገጹ ላይ ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ ወጥሬ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ከፍ ያለውን በመላጊያ አነሣሁ። በዚህ ደረጃ የሚጠፋው ጊዜ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ሉሁ የኋላውን ጉድለት አይሸፍንም።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ አንዱ ቁርጥ

የሉሁ ስፋት እንዳለ ስለሚያገለግል የሚያስፈልገው አንድ ቁርጥ ብቻ ነው፤ 215.3 ሴንቲ ሜትር ላይ። ከመቁረጤ በፊት የፋብሪካው ጠርዞች እርስ በርስ ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራታቸውን በሰያፍ አረጋገጥኩ። ክብ መጋዝ ወይም ራውተር ያለው ሰው በእነርሱ ቢቆርጥ ጥሩ ነው፤ በክብ መጋዝ ሲሆን ነጩ ገጽ ወደ ታች፣ በእጅ መጋዝ ሲሆን ወደ ላይ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጥርሱ የሚወጣበት ወገን ይላጣል።

እኔ ጭረት የሚያወጣውን፣ ጫፉ ካርባይድ የሆነ የላሚኔት ቢላ መርጫለሁ። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በመስመሩ ላይ በማጥበቂያ አስሬ፣ የመጀመሪያውን ጭረት እጄን ሳልጫን በቀስታ አሳለፍኩ፤ ቢላው መንገዱን የሚይዘው በዚህች ጭረት ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ከዚያ በኋላ ኃይል እየጨመርኩ ደጋገምኩት። ነጩ ዱቄት አልቆ ከጭረቱ ውስጥ ቡናማ ዱቄት መውጣት ሲጀምር ቢላው የቀለሙን ወረቀት አልፎ እምብርቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቡናማው ጭረት ጎድጉዶ በርዝመቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ዘንጉን በጭረቱ ላይ አጥብቄ ይዤ ትርፉን ወገን ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ነጩ ገጽ አነሣሁት፤ በአንድ ደረቅ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ተሰበረ። ወደ ታች ቢታጠፍ ነጩ ገጽ ከመስመሩ ወጥቶ ሊላጥ ይችላል። ጠርዙን በእንጨት ቁራጭ ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁልጊዜ ከነጩ ገጽ ወደ ጀርባው እየገፋሁ አለሰለስኩት። የተረፈው 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ አልተጣለም፤ የማጣበቂያ ቴፑንና የእርከኑን ጥልቀት የምሞክረው በእርሱ ነው። የሜላሚንና የፌኖሊክ ዱቄት ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ መነጽርም ማድረግ ያስፈልጋል።

እሁድ፦ መግጠም

የፊቱ ጥቁር ክፈፍ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ጣውላ የተሠራ ነው። ከጀርባው፣ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል፣ 13 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው እርከን ወጥቶለታል። ከ13ቱ ሚሊ ሜትር 10ሩ ሉሁን ይሸፍናል፤ የቀረው 3 ሚሊ ሜትር ሉሁ የሚሰፋበት ክፍተት ነው። ጥልቀቱም በልክ የተቆጠረ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለቴፑ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ለሉሁ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ በእርከኑ ውስጥ ለሚለጠፈው ስስ የሱፍ ጨርቅ። ጨርቁ ሉሁን ሳያንቀው ወደ ኋላ ያስደግፈዋል።

በመካከለኛው ቋሚ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ እየተራራቀ በአጫጭር ቁራጭ፣ ባለሁለት ወገን የስፖንጅ ቴፕ ለጠፍኩ። ስፖንጁ ወደ ጎን የመለጠጥ ችሎታ ስላለው ሉሁ ጥቂት ሲንቀሳቀስ አብሮት ይሄዳል፤ ደርቆ እንደሚቀር ማስቲሽ አይደለም። ከታች በመካከሉ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቁራጮች የሉሁን ክብደት ይሸከማሉ። ሉሁን ከወንድሜ ጋር አንሥተን በመጀመሪያ ጎማዎቹ ላይ አሳረፍነው፣ የመሃል ምልክቱን ከመሃል ቋሚው ጋር አገናኘነው፣ ከዚያም ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር በመዳፌ እየጫንኩ አስጠጋሁት። መከላከያ ፕላስቲኩ እስከ መጨረሻው ሥራ ድረስ በገጹ ላይ ይቆያል።

ሰኞ ማታ፦ ጥቁሩ ከፋይ

ጥቁር ቀለም ለክፈፉ በቂ አይደለም፤ ማት የተባለው ቀለም እንኳ የፕሮጀክተር ብርሃን በቀጥታ ሲያርፍበት ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከፋይ ግን ብርሃኑን በጸጉሮቹ መካከል ውጦ ያስቀረዋል። የምስሉ ጠርዝ በክፈፉ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ ሲደረግ ትርፉ ብርሃን በከፋዩ ውስጥ ስለሚጠፋ የምስሉ ዳር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ጣውላውን አስቀድሜ ጥቁር ቀባሁት፤ ከፋዩን ቆርጬ በጀርባው በኩል በስቴፕለር አሰርኩት፤ የማዕዘን መገጣጠሚያዎቹ በ45 ዲግሪ ናቸው። የከፋዩ ጸጉር በአራቱም ወገን ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ አለዚያ ከጎን መብራት ሲበራ አንዱ ዘንግ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። እርከኑ ውስጥ የሚታጠፈውን ጨርቅ በጣም ማሳነስ ያስፈልጋል፤ ውፍረቱ ለሱፍ ጨርቁ የተተወውን አንድ ሚሊ ሜትር እንዳይሻማ።

ረቡዕ፦ መስቀልና ማስተካከል

ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 16 ኪሎ ይሆናል። ለመስቀያ አንድ ጣውላ በርዝመቱ በ45 ዲግሪ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ በፊሸርና በረጃጅም ቪቲ፣ ግማሹ በክፈፉ ጀርባ ላይ ታስሯል፤ ሁለቱ አፎች ሲገናኙ ክፈፉ በራሱ ክብደት ወደ ግድግዳው ይጠጋል። የግድግዳውን ግማሽ ያሰርኩት በውሃ ልክ ብቻ ተማምኜ ሳይሆን ውሃ ልኩን እያገላበጥኩ ነው፤ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ካነበበ መሣሪያው ራሱ ትክክል ነው ማለት ነው። ከታች ሁለት የእንጨት ቁራጮች ክፈፉን ከግድግዳው እኩል ያርቁታል። ከፍታው የተወሰነው የተቀመጠ ሰው ዓይን ከስክሪኑ ታችኛ ሲሶ ጋር እንዲስተካከል ነው።

ምስሉን ከክፈፉ ጋር ሳገጣጥም የፕሮጀክተሩን ዲጂታል የማዕዘን ማረሚያ አልተጠቀምኩም። ማረሚያው ምስሉን የሚያቃናው ፒክስሎችን በማጣመምና ከፊሉን በመተው ስለሆነ፣ ለጠፍጣፋ ስክሪን ይህን ያህል ከተደከመ በኋላ ጥራቱን በዚያ መክፈል ያሳዝናል። የጣሪያ መያዣውን አላልቼ ፕሮጀክተሩን በአካል አቃናሁት፤ የቀረውን ከፍታ በሌንሱ ማንሻ አስተካከልኩ። የካሬ መረብ ምስል ላይ አራቱም ጠርዞች በከፋዩ ላይ እኩል ሲያልፉ ፕላስቲኩን ገፈፍኩ። ፕላስቲኩ ሲገፈፍ ገጹ አቧራ የሚስብ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ወዲያው ጠረግሁት። ሸካራ ስፖንጅ ወይም የማሻሻ ዱቄት ፈጽሞ አይነካውም፤ የታሸበት ቦታ ይለሰልስና የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ይሆናል።

በነጭ ምስል ላይ ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ የድምቀት ልዩነት በዓይን አይለይም፤ ከመቀመጫው ጫፍ ሲታይም መሃሉ ተለይቶ አይደምቅም። በሲባጎ ሲለካ በገጹ ላይ ያገኘሁት ትልቁ ክፍተት አንድ የካርቶን ቁራጭ እንኳ በቅጡ አያሳልፍም። ግድግዳው ላይ የነበረው ምስል ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በተለይ ጥቁር ሌሊት ውስጥ ያለ ፊት፣ ጉንጩ ላይ ያለው የብርሃን ሽግግር አሁን ሳይቆራረጥ ይነበባል።

ዓርብ ማታ፦ ድምፅ

ላሚኔት ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የመሃሉ ድምፅ ማጉያ ከስክሪኑ ኋላ ሊሆን አይችልም፤ ከሥሩ ተቀምጦ ፊቱ በትንሹ ወደ ተመልካቹ ቀና ብሏል። ሌላው ጥያቄ ትልቅና ስስ ሉህ በወፍራም ድምፅ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ነው። ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ከፍ አድርጌ ለቅቄ ጣቴን በስክሪኑ ዳር እያዟዟርኩ አዳመጥኩ። ሉሁ ራሱ ዝም አለ፤ የሱፍ ጨርቁ ሥራውን ሠርቷል። የሚንጫጫው የታችኛው ግራ የማራቂያ እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚነካካበት ቦታ ነበር፤ በስፖንጅ ቴፕ ቁራጭ ጸጥ ብሏል።

ዝናባማው ሳምንት ካለፈ በኋላ

አየሩ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለቆየ ክፍተቶቹን ደግሜ ተመለከትኩ። የላይኛውን የክፈፍ ዘንግ ፈትቼ በስስ የብረት ቅጠል ስለካ በሉሁና በእርከኑ ግድግዳ መካከል የነበረው 3 ሚሊ ሜትር ወደ 2 ወርዷል፤ በጎኖቹ በኩል ያለው ለውጥ ለመለካት የሚያስቸግር ነው። ሉሁ በስፋቱ ይበልጥ እንደሚንቀሳቀስ የሚጠበቅ ስለነበር ይህ ከስሌቱ ጋር ይስማማል። ሲባጎው በገጹ ላይ ምንም አዲስ ጉብታ አላሳየም፤ ቴፑም ከቦታው አልተላቀቀም።

የሚቀረኝ ሥራ ለሰፋፊ ፊልሞች የሚሆን መሸፈኛ ነው። ምጣኔው 2.39 ለ1 የሆነ ፊልም በዚህ ወርድ ላይ 89.2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ብቻ ስለሚይዝ ከላይም ከታችም 15.4 ሴንቲ ሜትር፣ 15.4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ነጭ ይተርፋል፤ እዚያ ላይ የሚያርፈው የፕሮጀክተሩ ጥቁር ፍጹም ጥቁር አይደለም። ከኤምዲኤፍ ይልቅ ቀላል የሆነውን የአረፋ ሰሌዳ በከፋይ ለብጬ፣ በፊቱ ክፈፍ ጀርባ በተደበቁ ትንንሽ ማግኔቶች የሚያዙ ሁለት ሰሌዳዎች እሠራለሁ። ሰሌዳዎቹ የሉሁን ገጽ እንዳይነኩ በጫፎቻቸው በኩል ብቻ በከፋዩ ዘንግ ላይ ያርፋሉ፤ የአረፋ ሰሌዳው ተቆርጧል፣ ከፋዩ በመጪው ቅዳሜ ይለበሳል።